በደልን በአደራ ማስቀመጥ

አምስት ጊዜ ለኬንያ ፕሬዚደንትነት ተወዳድረው አንድም ጊዜ መንበሩን ያልያዙት ራይላ ኦዲንጋ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ኦክቶበር 15 ቀን በሕንድ አገር በኬራላ ግዛት ዐርፈው በማግሥቱ አስከሬናቸው ናይሮቢ ሲገባ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ እየያዘ ወደ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የጎረፈው ሕዝብ ጥበቃውን ጥሶ እስከ ሜዳው ድረስ ስለ ዘለቀ በረራ ለጊዜው ተቋረጠ፤ በፓርላማ ሊደረግ ታስቦ የነበረው ስንብትም ወደ ካሳራኒ ስታዲየም ተዛወረ፤ በዚያም ጸጥታ አስከባሪዎች ተኩስ ከፍተው ሊያለቅሱ ከመጡት መካከል የሞቱ ነበሩ። አሸናፊን ማጀብ በየአገሩ የታየ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ተሸንፎ የኖረን ሰው ግን እስከ መቃብሩ በዚህ መጠን መከተል፣ ሕዝብ መሪውን የሚወደው ስለ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን የምንለውን ሁሉ እንደ ገና እንድንመረምር ያስገድደናል።

ቶሎ የሚቀርበው መልስ ነገድ ነው። ራይላ ሉኦ ነበሩና ሉኦዎች ወደዷቸው ይባላል። ይህ ከእውነት ያልራቀ ቢሆንም ቅሉ እውነቱን አይፈጽመውም፤ በሞምባሳና በባሕሩ ዳርቻ ያለው እስላም፣ በምዕራብም ያለው ሉህያ በተለያዩ ምርጫዎች ድምፁን የሰጣቸው በደም ስለ ተዛመዳቸው አልነበረም፤ ከሉኦም ወገን ለሥልጣን የተነሡ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ፍቅር ግን አላገኙም። ሁለተኛው መልስ ገንዘብ ነው። የናይሮቢ ገዥ የነበረው ማይክ ሶንኮ ወርቁን በአንገቱና በጣቱ ደርድሮ፣ ለድኾች ውኃና አምቡላንስ እያቀረበ በ2017 ከፍ ባለ ድምፅ ተመረጠ፤ በ2020 ዲሴምበር የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሲሽረው ግን ከተማይቱ ስለ እርሱ ኀዘን ሥራዋን አላቆመችም። ሦስተኛው መልስ፣ ሕዝቡ ያልተማረና የሚታለል ነው የሚለው፣ በምሁራን አፍ የሚዘወተር ስለ ሆነ ብቻ ይነሣል እንጂ፣ በናይሮቢ በጂቫንጂ የአትክልት ቦታ ማንም ያልሾማቸው ሰዎች በየቀኑ ተሰብስበው «የሕዝብ ፓርላማ» ብለው የሚሟገቱትን ሙግት ቆሞ የሰማ ሰው አይቀበለውም። እነዚያ ሰዎች የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ በቁጥሩ ይጠቅሳሉ።

ጀርመናዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ማክስ ቬበር፣ ሕግም ባህልም ሳይሾመው በራሱ ጸጋ ብቻ ሕዝብን የሚመራ ሰው ሥልጣኑ የቆመው በተከታዮቹ ዕውቅና ላይ መሆኑን፣ ዕውቅናውም ያለ ማረጋገጫ የማይጸና መሆኑን አስተምሮአል፤ በእርሱ አስተያየት ድል ከመሪው በራቀ ጊዜ፣ ለተከታዮቹም በጎ ነገር ማምጣት በተሳነው ጊዜ፣ ጸጋው ይገፈፋል። በ1997 ሦስተኛ የወጡ፣ በ2007፣ በ2013፣ በ2017 ተሸነፉ የተባሉ፣ በ2022 ደግሞ በ230 ሺሕ ድምፅ ገደማ ልዩነት የተቀደሙ ሰው ጸጋቸው ሳይገፈፍ መቅረቱ፣ ማረጋገጫ ሌላ መልክ ሊኖረው እንደሚችል ያስረዳል። እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ እንግዳ አይደለንም፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው የሞቱት ዐፄ ቴዎድሮስ በልባችን ያላቸው ስፍራ፣ ብዙ ድል ያደረጉ ነገሥታት ካላቸው ስፍራ ይበልጣል። ሽንፈት ጸጋን የሚያጠፋው ጸጋው በተስፋ ላይ የተመሠረተ እንደ ሆነ ነው። በመከራ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ሽንፈት አዲስ ማረጋገጫ ይሆናል።

የራይላ የመከራ መዝገብም ረዥም ነበር። አባታቸው ጃራሞጊ ኦጊንጋ ኦዲንጋ የነጻይቱ ኬንያ የመጀመሪያ ምክትል ፕሬዚደንት ነበሩ፤ በ1966 ከሹመታቸው ለቀቁ። በ1969 ጁላይ ሌላው የሉኦ ተወላጅ ሚኒስትር ቶም ምቦያ በናይሮቢ መካከል በጥይት ተገደለ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ፕሬዚደንት ጆሞ ኬንያታ ሆስፒታል ሊመርቁ ኪሱሙ በሄዱበት ቀን ዘበኞቻቸው በሕዝቡ ላይ ተኮሱ፤ ጃራሞጊ ታሰሩ፤ ፓርቲያቸውም ታገደ። ልጃቸው በምሥራቅ ጀርመን ምህንድስና ተምሮ ተመልሶ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆየ፤ ከ1982ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ግን ተያዘ፤ ፍርድ ሳይሰጥበት ለስድስት ዓመት ያህል ታሰረ፤ ተፈትቶም ሁለት ጊዜ እንደ ገና ተያዘ። እናቱ በ1984 ሲያርፉ የሞታቸው ዜና ወደ እስር ቤቱ የደረሰው ከሁለት ወር በኋላ ነበር። ወላጁን ሳይቀብር የቀረ ሰው ኀዘን በእኛም ዘንድ በሉኦዎችም ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። ድኻው ስለ ራሱ የሚያውቀውን፣ ማለትም ያለ ፍርድ መያዝን፣ ዘግይቶ መርዶ መስማትን፣ ከደጅ መቆምን፣ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ በጉልህ ተጽፎ አገኘው። የምክትል ፕሬዚደንት ልጅ፣ ባለ ፋብሪካና ባለ ሀብት መሆናቸው ይህን ፍቅር ለምን እንዳልቀነሰው የሚጠይቁ አሉ፤ እኔ ግን እንዲያውም የጨመረው ይመስለኛል፤ ምቾት በእጁ እያለ መከራን የተቀበለ ሰው መከራውን እንደ መረጠ ይቆጠርለታልና።

በስብሰባቸው ላይ ይደረግ የነበረውን ነገር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሌላም ምሥጢር ያገኛል። ራይላ በአደባባይ ሲናገሩ በየመካከሉ «ኪተንዳዊሊ!» ይሉ ነበር፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ «ተጋ!» ብሎ ይመልስ ነበር። ይህ በስዋሂሊኛ የእኛው «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» ነው። ጨዋታውም እንደ እኛው መልሱን ያጣ ወገን «አገር ስጠኝ» የሚባልበት ነው፤ በስዋሂሊኛው የሚጠየቀው ከተማ ሲሆን፣ ጠያቂው ከተማውን ተቀብሎ ፍቺውን ይናገራል። በናይሮቢ ካለው የድኾች መንደር ከኪቤራ የቆርቆሮ ቤቶች መካከል የወጣ ሰው፣ መንግሥት አንድም ቀን አስተያየቱን ጠይቆት የማያውቅ፣ ፖሊስ ሲጠይቀው መታወቂያውን ብቻ የሚጠይቀው ሰው፣ በዚያች ቅጽበት በአሥር ሺዎች መካከል ሆኖ ይጠየቃል፤ መልስም ይጠበቅበታል። ሲያውቀው ያሸንፋል፤ ባያውቀውም አገር ሰጪ ይሆናል፤ ለመስጠት ደግሞ አስቀድሞ ባለ አገር መሆን ያስፈልጋል። ከሌላው ተናጋሪ አፍ ዳቦና ሥራ ይሰማ ነበር፤ ከእኒህ ሰው አፍ ግን አድማጩ ስለ ራሱ ሰማ። «ባባ» እያለ የጠራቸውም ስለዚህ ነው፤ አባት ማለት ልጁን በስሙ የሚጠራ ነውና።

ይሁን እንጂ መጠራት ብቻውን ሠላሳ ዓመት አያቆይም። የታማኝነቱ ዋና ምሥጢር ተከታዮቹ በከፈሉት ነገር ላይ ያለ ይመስለኛል። የ2007 ዲሴምበር ምርጫ ውጤት በጥድፊያ በታወጀ ጊዜ በተነሣው ሁከት ከአንድ ሺሕ አንድ መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ በኪቤራ ቁጡ ሰዎች በመንደሩ መካከል ወደ ዑጋንዳ የሚያልፈውን የባቡር ሐዲድ ነቀሉት። ወንድሙን በዚያ ሰሞን የቀበረ ሰው በሚቀጥለው ምርጫ ወደ ካርድ መስጫው ሲገባ የሚመዝነው የፓርቲዎችን ፕሮግራም ነውን? ያንን መሪ ቢተው «ወንድሜ ስለ ምንም ሞተ» ብሎ በገዛ እጁ መፈረም ሊሆንበት ነው። ስለዚህ ይመርጣቸዋል፤ ሲሸነፉም ይመርጣቸዋል፤ ሽንፈቱ ራሱ ዕዳውን ስለሚያሳድገው የበለጠ ይጠጋቸዋል። እነሆ ሕዝቡ በደሉን በእኒህ ሰው እጅ በአደራ አስቀመጠ፤ አደራውን ያኖረበትን ቤት ጥሎ የሚሄድ ደግሞ የለም።

ከዚህ ጋር ፕሬዚደንት ዊልያም ሩቶን ማስተያየት ነገሩን ይገልጠዋል። እሳቸውም በ2022 የመጡት በሕዝብ ወዳድነት ቋንቋ ነበር፤ ዶሮ በመንገድ ዳር የሸጡ፣ በባዶ እግራቸው ትምህርት ቤት የሄዱ መሆናቸውን ነገሩት፤ ምልክታቸውም የእጅ ጋሪ ነበረ። ሕዝቡ ግን በእሳቸው እጅ ያኖረው ተስፋን ነበር፤ ተስፋ ደግሞ የመክፈያ ቀን አለው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ2024 ጁን 25 ቀን የግብር ሕጉን የተቃወሙ ወጣቶች ፓርላማውን ጥሰው ገቡ፤ በማግሥቱ ሕጉ ተነሣ፤ ከመንገድ ላይ የወደቁት ግን አልተነሡም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። አደራ ጠባቂ በአደራው ምን ሊያደርግበት ይችላል? ራይላ ካሰሯቸው ከፕሬዚደንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ጋር በ2002 ፓርቲያቸውን አዋሐዱ፤ በ2008 በኮፊ አናን ሽምግልና ከፕሬዚደንት ምዋይ ኪባኪ ጋር ታርቀው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ2018 ጃኑዋሪ በኡሁሩ ፓርክ «የሕዝብ ፕሬዚደንት» ተብለው በገዛ ሥልጣናቸው መሐላ ፈጽመው፣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ከፕሬዚደንት ኡሁሩ ኬንያታ ጋር ተጨባበጡ፤ በመጨረሻም ወጣቶቹ ካለቁበት ዓመት ጀምሮ ሰዎቻቸውን ወደ ሩቶ ካቢኔ ላኩ። በየጊዜው ተከታዮቻቸው ለአንድ ሰሞን ይደነግጡ ነበር፤ ቀጥለውም «ባባ የሚያውቀው አለ» ብለው ይጸኑ ነበር። በእነዚህ እርቆች ብዙ ደም ሳይፈስ መቅረቱን መካድ ዐመፅ ነው። ኬንያን በ47 አውራጃዎች ከፍሎ ገንዘቡንና ሥልጣኑን ወደ ገጠሩ ያወረደው የ2010 ሕገ መንግሥትም፣ የእሳቸው የረዥም ዘመን ትግል ካፈራው ፍሬ አንዱ መሆኑን እኔ በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ፤ ለሕዝቡ ከተመለሰው አደራ ትልቁ እርሱ ነው።

ነገር ግን ይቅርታ የተበዳዩ ነው። በሃይማኖታችን ሥርዓት ካህኑ ተነሳሒውን ከእግዚአብሔር ጋር ያስታርቃል፤ በዳዩ ግን ባልንጀራውን መካስ፣ እግሩ ሥር ወድቆም ይቅርታ መለመን ይገባዋል፤ ይህን በተበዳዩ ፈንታ ሌላ ሰው ሊቀበለው አይችልም። ልጇ በ2017ቱ ምርጫ ሰሞን በናይሮቢ ማታሬ ወይም በኪሱሙ በፖሊስ ጥይት የሞተባት እናት፣ በ2018 ማርች 9 ቀን በፕሬዚደንቱ ጽሕፈት ቤት በሃራምቤ ቤት ደጃፍ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ሲያያዙ በቴሌቪዥን አየች፤ ማንም መጥቶ «ይቅር ትያለሽን?» ብሎ አልጠየቃትም። የእንቆቅልሹ ጠያቂ በዚያ ቀን ጥያቄውን አልጠየቀም። እኔ እንደሚመስለኝ የታማኝነት ነውር ያለው ሰውን በመውደዱ ላይ አይደለም፤ መውደዱ ከፍትሕ ረኀብ የተወለደ ስለ ሆነ ክቡር ነው። ነውሩ የመጠየቅን መብት ከበደሉ ጋር አብሮ አሳልፎ መስጠቱ ነው፤ መሪው ሲታረቅ መራጩ የታረቀ፣ መሪው ሲቈጣ መራጩ የተቈጣ ሆኖ ይቈጠራልና።

በ2025 ማርች 7 ቀን በኬንያታ የስብሰባ አዳራሽ ራይላና ሩቶ የፈረሙት የዐሥር ነጥብ ስምምነት በሰልፍ ለተጎዱት ካሣ እንዲከፈል የሚል አንቀጽ ነበረው። ከፈራሚዎቹ አንዱ በሰባት ወራቸው ዐረፉ። የፓርቲያቸው መሪነት ወደ ወንድማቸው ወደ ኦቡሩ ኦጊንጋ ተላለፈ፤ የ2027ቱን ምርጫ የሚያስቡትም ከአሁኑ ድምፃቸውን ለመውረስ ይሽቀዳደማሉ። የፓርቲ ማኅተም ይወረሳል፤ ያለ ፍርድ የታሰሩባቸው ዓመታት ግን ለወንድምም ለልጅም አይተላለፉም፤ ሕዝቡ አደራውን በእኒያ ዓመታት ዋስትና የሰጠ እንደ ሆነ፣ ዋሱ በሞቱ ጊዜ ውሉ ከወራሾች ጋር አይቀጥልም። በዚያ አንቀጽ ያልተካሱት ወላጆች ዛሬ ስለ ልጆቻቸው የሚናገርላቸው ባባ የላቸውም፤ ካሣውን በየራሳቸው ስም የመጠየቅ መብት ግን አላቸው፤ በ2024 ያለ ነገድ፣ ያለ ፓርቲ፣ ያለ መሪ ወጥተናል ያሉት ወጣቶችም ሲጠይቁ የነበረው በየራሳቸው ስም ነበር።