ያልጎደለ ነገር ተሰረቀ ይባላልን?

እኔና ባለቤቴ ለዓመታት ስንቆጥብለት የኖርነውን ቤት ልንጀምር ስንነሳ ፕላኑን የሳለልን የእህቴ ልጅ ነው። በአንድ መሐንዲስ ሥር ተቀጥሮ ፕላን የሚስል ወጣት ነው። ከዒሻ ሶላት በኋላ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቤተሰቡ ሁሉ ከበበው። ባለቤቴ የእንግዳ ክፍሉ የራሱ በር ይኑረው፣ ወንድ እንግዳ በማጀት በኩል አይለፍ አለች። እናቴ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ ፊቱንም ጀርባውንም ለቂብላ እንዳይሰጥ አደራ አሉ። ለአዲስ አበባ ሰው ቂብላው ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነውና ልጁ መላውን ቤት በአንድ ጣት አዞረው። ሱብሐነላህ! በአባቴ ጊዜ ይህ ሁሉ በገመድና በኖራ መሬት ላይ ተሰምሮ፣ ግድግዳው ከቆመ በኋላ "ለካ ተሳስተናል" ተብሎ ይፈርስ ነበር።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ይኸው ልጅ ተቆጥቶ መጣ። ለአንድ ሰው በስምምነት ዋጋ ፕላን ሠርቶለት ኖሮ፣ ሰውየው ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለሁለት አማቾቹ ሰጥቷል፤ እነርሱም መሠረት አስቆፍረዋል። "አጎቴ፣ ይህ ሌብነት አይደለም እንዴ? እርስዎ ይፍረዱኝ!" አለኝ።

በደል መሆኑን ነገርኩት። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሕንፃ ንድፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች ውስጥ እንደሚቆጥርም አስታወስኩት። ይኸው አዋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም አብሮ ስለሚጠቅስ፣ ሳላስበው "ለመሆኑ አንተ የምትስልበትን ሶፍትዌር ከየት አገኘኸው?" አልኩት።

ዝም አለ። ቀጥሎም ሳቀ። ከአንድ ሱቅ በጥቂት ብር በፍላሽ አስገልብጦ፣ ቁልፉ የተሰበረውን፣ እነርሱ ክራክ የሚሉትን ነው የጫነው። የእኔም ቤት የተሳለው በዚያው ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄው ከእርሱ ወደ እኔ የዞረው በዚህ ጊዜ ነው። የምሰግድበት ክፍል የተነደፈበትን መሣሪያ ጉዳይ ለወጣት ብቻ ትቼ ማለፍ አልቻልኩም።

የልጁ ክርክር አጭር ነበር፤ "ከኩባንያው ምን ጎደለበት?" አለኝ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በጉን የወሰድኩበት ሰው በግ የለውም። ሶፍትዌሩን የገለበጥኩበት ኩባንያ ግን ሶፍትዌሩ እዚያው በእጁ አለ። የፊቅህ ሊቃውንት ስርቆትን ሲበይኑ የሰውን ንብረት ከተጠበቀበት ስፍራ በድብቅ ማውጣትን፣ ዋጋውም የተወሰነ ልክ መድረሱን ያነሳሉ፤ ቅጂ በዚህ ብያኔ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። የቀደሙት የሐነፊ መዝሀብ ዑለማዎች ጥቅም ብቻውን፣ ውል ካልታሰረበት በስተቀር፣ እንደ ንብረት አይቆጠርም ይሉ ነበር። ይህንኑ ይዘው በሕንድ ክፍለ አህጉር የቅጂ መብትን ያልተቀበሉ ዑለማዎች ነበሩ። በአንጻሩ ዓለም አቀፉ የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1409 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. በ1988) ኩዌት ላይ ባካሄደው ጉባዔ የድርሰት፣ የፈጠራና የንግድ ስም መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውንና ሊደፈሩ እንደማይገባ ወስኗል። በእነርሱ መካከል ፈራጅ ሆኜ ለመቀመጥ ዕውቀቱም ድፍረቱም የለኝም።

እናም ለልጁ ይህን ያህል ለቀቅኩለት፤ "ሌብነት" የሚለውን ቃል እንተወው አልኩት። ግን ሌብነት ያልተባለ ነገር ሁሉ ሐላል ነውን? ማታለል ሌብነት አይደለም፤ አማናን መብላትም፣ ቃል ማፍረስም ስማቸው ሌላ ነው። ደግሞስ ፎቶ ኮፒ ያደረገብህ ሰውዬ ከላፕቶፕህ ምን አጎደለብህ? ፕላንህ እዚያው አለ አይደለም?

ለዚህ መልስ አልነበረውም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ልጁን ሶፍትዌሩ ሲጫን አሳየኝ አልኩት። በመጀመሪያ ረጅም የውል ጽሑፍ ይመጣል፤ ከሥሩ "እስማማለሁ" የሚል ቁልፍ አለ። እርሱን ካልተጫኑ ወደፊት አይኬድም። ቁልፉን የሚሰብረውም ሰው አስቀድሞ "እስማማለሁ" ብሎ ነው የሚያልፈው! ማንም ሳያስገድደው ቃል ይሰጣል፣ በዚያው ደቂቃ ያፈርሰዋል። የአል-ማኢዳ ምዕራፍ የሚከፈተው ያመኑ ሰዎች ውላቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

"ማን ያነበዋል?" ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ እኔም አላነበብኩትም። ውሉን አንዱ ወገን ብቻ ጽፎ ሌላው ሳይደራደር የሚቀበለው መሆኑም እውነት ነው። እንዲያውም ይህ ውል ሽያጭ ይሁን ኪራይ የዓለም ዳኞች ራሳቸው አልተስማሙም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ያገለገሉ የአውቶካድ ቅጂዎችን ገዝቶ በኢንተርኔት ሲሸጥ ከኩባንያው ጋር ተካሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ቅጂዎቹ በፈቃድ የተሰጡ እንጂ የተሸጡ አይደሉምና መልሶ መሸጥ አይቻልም አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሌላ ኩባንያ ጉዳይ፣ ጊዜ ያልተወሰነለት ፈቃድ በገንዘብ ከተሰጠ እንደ ሽያጭ ነው፣ የገዛውም መልሶ ሊሸጠው ይችላል ሲል ፈረደ። የእኛ ፉቀሃዎች ቢጠየቁ ኖሮ ሽያጭ (በይዕ)፣ ኪራይ (ኢጃራ) እና ውሰት (ዓሪያ) የየራሳቸው ደንብ አላቸውና መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዩልን ባሉ ነበር። ዛሬ ነገሩ እየጠራ ሄዷል። የአውቶካድ ባለቤት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የአብዛኞቹን ምርቶቹን ዘላቂ ፈቃድ ለአዲስ ገዢ መሸጥ አቁሞ በየጊዜው ወደሚታደስ ክፍያ ዞሯል። ስኬችአፕም በ2020 ተከትሎታል። ይህ ጥርት ያለ ኢጃራ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ቁልፍ ይመለሳል። በእኔ አመለካከት ሽያጭ ተብሎ ሽያጭ ካልሆነው ይልቅ ይህኛው ግልጽ ነው። ሆኖም ክፍያ ሲያቆም የገዛ ሥዕሉን መክፈት የሚቸግረው ሰው ቢያማርር አልፈርድበትም፤ ኩባንያ መልአክ አይደለምና።

ውሰቱ ደግሞ በነጻ የሚሰጠው ነው። ለተማሪ፣ ወይም ቤቱን ለራሱ ለሚነድፍ ሰው ያለ ክፍያ የሚፈቀዱ አሉ፤ ለገቢ ሥራ ግን አይፈቀዱም። ጎረቤትህ ውሃ ቅዳበት ብሎ በቅሎውን ቢያውስህና አንተ የወፍጮ ድንጋይ ብትጭንበት ምን ትባላለህ? ቀደም ባሉት የአውቶካድ የተማሪ ቅጂዎች የተሳለ ፕላን ሲታተም በኅዳጉ ላይ የትምህርት ቅጂ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ያንን ጽሑፍ ማጥፊያ ዘዴ እንደ ሙያ ይማማሩት እንደነበር ልጁ ራሱ ነገረኝ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኃጢአትን ከምልክቶቹ በአንዱ፣ ሰዎች እንዳያዩብን በምንጠላው ነገር እንድንለየው አስተምረውናል። ጽሑፉን የሚያጠፋው እጅ ምልክቱን ያውቀዋል ማለት ነው።

"ባለቤቶቹ ሙስሊም አይደሉም፣ ደግሞም ሀብታሞች ናቸው" የሚል ወንድምም አይጠፋም። ይህን ስሰማ የሒጅራዋ ሌሊት ትታወሰኛለች። ቁረይሾች ሊገድሏቸው ደጃፋቸውን ከበው ሳለ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓሊይን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ ያስቀሩት እነዚያው ሰዎች ያስቀመጡትን አማና ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነበር። ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ) ከመስለሙ በፊት የመንገድ ጓደኞቹን ገድሎ ንብረታቸውን ይዞ በመጣ ጊዜም፣ እስልምናውን ተቀብለው ከገንዘቡ ግን ራሳቸውን አገለሉ። የገንዘቡ ባለቤቶች ሙስሊም አልነበሩም።

ዋጋውስ? ይህን በቀላሉ አላልፈውም። በወር ደመወዝ ለሚያድር ሠዓሊ የአንድ ዓመቱ ኪራይ ከባድ ነው። ብሩ ቢገኝ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። ነገር ግን ዶሩራ የሚባለው ሌላ ሐላል መንገድ ሲጠፋ ነው፤ እዚህ ግን መንገድ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ስዊት ሆም ስሪዲ የቤት ውስጥ አቀማመጥ ለመንደፍ በነጻ የተለቀቀ ነው፤ ፈቃዱ ለገቢ ሥራም አይከለክልም። ከ2002 ጀምሮ ያለው ፍሪካድም እንዲሁ። ብሌንደር የተባለው ደግሞ ሰዎች በ2002 መቶ ሺህ ዩሮ አዋጥተው ከባለቤቶቹ ገዝተው ለሁሉም ነጻ ያደረጉት ነው። ይህን ስሰማ ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ከባለቤቱ ገዝተው ለሙስሊሞች በነጻ መልቀቃቸው ትዝ አለኝ። ሰዎቹ ወቅፍ የሚለውን ስም ባያውቁትም ሥራውን ሠርተውታል።

እርግጥ ይህም ሁሉን አይፈታም። የልጁ አለቃ ፋይሉን በአውቶካድ ዓይነት ካልመጣ አልቀበልም ይላል። ልጁም ነገሩን ሲያነሳበት "ይህን ስታስብ ልጆችህን በምን ልታበላ ነው?" ብሎ ሳቀበት። ይህ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነውና እኔ ከወንበሬ ላይ ሆኜ በድፍረት ልመክረው አልቻልኩም። አብረን ወደ አንድ ዓሊም ሄድን። ሸይኹም ድካሙና ዕውቀቱ የራሱ መሆኑን፣ ያለፈውን በተውበት እንዲዘጋ፣ የወደፊቱን ግን አቅሙ በፈቀደ ፍጥነት እንዲያስተካክል ነገሩት። ለቢሮው ሥራ የሚሆነውን የኪራይ ክፍያ እርሱና እኔ ለሁለት ልንካፈለው ተስማምተናል። ዶላር የሚከፍልልን ዘመድም በውጭ አገር እያፈላለግን ነው።

የእኔን ቤት ግን በስዊት ሆም ስሪዲ እንደገና ሳለው። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሲስለውም የማጀቱ በር ከደረጃው ጋር እንደሚጋጭ አገኘ፤ በፊተኛው ሁላችንም ሳናየው ያለፍነው ስህተት ነበር።

ፕላኑን ፎቶ ኮፒ ወዳደረገበት ሰው ዘንድ እስካሁን አልሄደም። መጀመሪያ የራሴን ላፕቶፕ ላጽዳ አለኝ። ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ስንወጣ ጠየቅኩት፤ ሁለት ፕሮግራም ቀርቶታል።