ቤተሰብን ለማገናኘት ሲባል ሐሰት መጻፍ ይገባልን?



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ዕድሜያቸው ወደ አምሳ የሚጠጋ አንዲት እናት ወደ ቁምስናችን ጽሕፈት ቤት መጡ። ከዐሥር ዓመት በፊት የዲቪ ዕጣ ደርሷቸው ወደ አሜሪካ የሄዱ፣ በኋላም ዜግነት ያገኙ፣ በየዓመቱ ለድኆች ርዳታ መላክን የማይዘነጉ ሴት ናቸው። አብሯቸው የመጣውን የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት በር ላይ አስቀምጠው ብቻቸውን ገቡ። ወጣቱ የታናሽ እኅታቸው ልጅ ነው። አባቱ የሞተው እርሱ ሦስት ዓመት ሲሆነው ነበር። እናቱ በገጠር የምትኖር ችግረኛ በመሆኗ እርሳቸው ወስደው እስከ ሰባት ዓመቱ በቤታቸው አሳደጉት፤ ከሄዱም በኋላ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ሲልኩ ኖረዋል። አሁን «ልጄ ነው» ብለው ሊያስመጡት ማመልከቻ ሊያስገቡ ተዘጋጅተዋል። ከእኔ የሚፈልጉት አዲስ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ነው፤ የእናት ስም በሚለው ላይ የእርሳቸው፣ የአባት ስም በሚለው ላይ ደግሞ የሟች ባለቤታቸው ስም የሚጻፍበት።

«አባ፣ ሁለት መስመር ብቻ ናት» አሉኝ።

እንደማልችል ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ነገር ግን ዐይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ያጎረስሁት እኔ፤ ኩፍኝ ሲይዘው ሌሊቱን ታቅፌው ያደርሁ እኔ፤ እማዬ ብሎ የሚጠራኝም እኔን ነው። ታዲያ አባ፣ ውሸቱ የቱ ላይ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔም «ስምንተኛው ትእዛዝ ይከለክላል» ብዬ አሰናበትኋቸው። ያልሁት ስሕተት አልነበረም፤ የጠየቁኝን ግን አልመለሰም። ትእዛዝ ጠቅሶ ሰውን ከበር መመለስ ለካህን ከሁሉ የቀለለ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው የሚመጡት እርሳቸው ብቻ ስላይደሉ፣ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከእናንተ ጋር ላስብበት ፈለግሁ።

አስቀድመን ለእኒህ እናት የሚገባቸውን እንስጣቸው። በአገራችን ቤተሰብ የሚባለው ከአባት፣ ከእናትና ከልጆች የሰፋ ነው። የአጎት ልጅ ወንድም ይባላል፤ ታላቅ እኅት ለታናሾቿ እናት ትሆናለች፤ የጡት ልጅ አለ፤ የክርስትና ልጅ አለ። ስንት ልጅ እንዳለው የተጠየቀ ሰው የወለዳቸውንና ያሳደጋቸውን ሳይለይ ቢቆጥር ማንም ሐሰተኛ አይለውም። የሰው አገር ሕግ የሚቆጥረው ግን በሌላ መንገድ ነው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው የትዳር ጓደኛውን፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆቹን፣ ራሱ 21 ዓመት የሞላው ከሆነም ወላጆቹን ለማስመጣት ሲያመለክት የዓመት ኮታ አያግደውም። ለወንድምና ለእኅት ማመልከት ቢችልም ኮታው ጠባብ ስለሆነ ተራው እስኪደርስ ከዐሥር ዓመት በላይ ይጠበቃል። ለእኅት ልጅ ግን ራሱን የቻለ መስመር የለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ቤተሰብ መገናኘት ያወጣው መመሪያም በመሠረቱ መብት የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛና አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ነው። በዓረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚያገለግሉ እኅቶቻችንማ የወለዱትን ማስመጣት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይታሰብላቸውም።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ስደተኞች ባወጡት ሐዋርያዊ ደንብ ወደ ግብፅ የተሰደደውን ቅዱስ ቤተሰብ የስደተኛ ቤተሰብ ሁሉ አርአያ አድርገው አቅርበዋል። ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው የቤተሰብ መብቶች ቻርተርም ስደተኛ ሠራተኞች በተቻለ ፍጥነት ከቤተሰባቸው ጋር የመገናኘት መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ስለዚህ የእኒህ እናት ምኞት ኃጢአት አይደለም፤ ፍቅር ነው። የሚያጠያይቀው ይህ ፍቅር በሐሰተኛ ወረቀት መሄድ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

«ውሸቱ የቱ ላይ ነው?» ላሉት ዛሬ ብጠየቅ እንዲህ እል ነበር። «ልጄ» የሚለው ቃል በቤትና በቆንስላ ፊት አንድ ቢሆንም የሚመልሰው ጥያቄ አንድ አይደለም። በቤት ውስጥ «ልጄ» ስንል ይህ የእኔ ነው፣ ብታመም አለሁለት፣ ቢያጠፋ እጠየቅለታለሁ ማለታችን ነው። ቅጹ የሚጠይቀው ግን ማን እንደ ወለደው፣ ካልወለዱትም በየትኛው ፍርድ ቤት ልጅ እንደ ሆነ ነው። ለአንዱ ጥያቄ የሌላውን መልስ መስጠት፣ በልብ ውስጥ የሚታመን ነገር ቢኖርም፣ ሰሚውን ማሳሳት ነው። ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት አንዳንድ የሥነ ምግባር ሊቃውንት ሰው በአፉ ያጎደለውን በልቡ ከጨመረበት አልዋሸም ይሉ ነበር፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሴንት ዐሥራ አንደኛ እ.ኤ.አ. በ1679 ይህን አስተሳሰብ አወገዙት።

በቅዱስ መጽሐፍ በስደት ላይ ሳለ ስለ ቤተሰቡ ያልሆነውን የተናገረ ሰው የሃይማኖት አባታችን አብርሃም ነው። ራብ ወደ ግብፅ ባወረደው ጊዜ ፈርቶ ሣራን እኅቴ ናት አለ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 20 እንደምናነበው ነገሩ ፈጽሞ ፈጠራ አልነበረም፤ በአባት ትገናኘዋለች። የእኒህ እናት «ልጄ» እንደዚሁ ግማሽ እውነት ያለበት ነው። እግዚአብሔር አብርሃምን አልጣለውም። ዋጋውን የከፈለችው ግን ሣራ ናት፤ ወደ ፈርዖን ቤት የተወሰደችው እርሷ ናት። ለምን እውነቱን አልነገርኸኝም ብሎ የጠየቀውም፣ ለእኛ እፍረት እንዲሆን ይመስለኛል፣ አረማዊው ንጉሥ ነው።

በእኛ ጉዳይ የሣራን ቦታ የያዘችው በገጠር ያለችው ታናሽ እኅት ናት። በቅጹ ላይ የአንዷ ስም ሲጻፍ የእርሷ ስም ይጠፋል። የሞተው አባትም እንዲሁ፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንምና፣ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነውና፣ ያ ሰው በምድር ላይ የቀረው መታሰቢያ ልጁ ሲጠራ አብሮ መጠራቱ ነበር።

ይህ ባዶ ሐዘኔታ እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ላውራላችሁ። ከኑዛዜ ውጭ አጫውቶኝ እንድጽፈውም የፈቀደልኝ አንድ ሰው ወደ አሜሪካ የሄደው የአክስቱ ልጅ ተብሎ ሳይሆን በቀጥታ የአክስቱ የወለደችው ልጅ ተደርጎ ነው። ዜግነት አግኝቶ ዕድሜው ሲደርስ እናቱን ሊያስመጣ አሰበ። በመዝገቡ ላይ ግን እናቱ አክስቱ ናት፤ የወለደችው ደግሞ አክስት ሆናለች፤ ለአክስት ማመልከቻ የለም። እውነቱን ልናገር ቢል የገባበት ቪዛ በሐሰት የተገኘ መሆኑ ይታወቅበታል፤ ዜግነቱን እስከ ማጣትም ሊያደርሰው ይችላል። እንዲህ ሲያመነታ እናቱ ዐረፈች። ለቅሶ የደረሱት ጎረቤቶቹ «የአክስትህን ነፍስ ይማር» አሉት፤ እርሱም አሜን አለ።

ቅዱስ ቶማስ ሰውን ለመርዳት ተብሎ የሚነገር ሐሰት ለመጉዳት ከሚነገረው የቀለለ መሆኑን ያስተምራል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ማመልከቻው በሐሰት ብናገር ልጠየቅ ተብሎ የሚፈረምበት ነው። ወጣቱም ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ቀኝ እጁን አንሥቶ ይምላል። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በዚያ መስኮት ፊት ቆሞ እናቱ እናቱ እንዳልሆነች በእግዚአብሔር ስም እንዲምል የምናሰናዳው እኛ ነን።

ሌላም የሚጎዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ስደተኞችን ከቤተሰብ ጋር በሚያገናኘው መርሐ ግብሩ፣ በመጀመሪያ በናይሮቢ በአብዛኛው ሶማሊያውያንና ኢትዮጵያውያን በሆኑ 500 ያህል አመልካቾች ላይ፣ ቀጥሎም ኢትዮጵያን ጨምሮ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች፣ በድምሩ በ3,000 ሰዎች ገደማ የዲኤንኤ ምርመራ ሙከራ አደረገ። ያመለከቱት ዝምድና ሁሉ የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ከአምስት አንድ አይሞሉም ነበር። ቀሪዎቹ ሁሉ ዋሾች ነበሩ ማለት አይደለም፤ ከእነርሱ መካከል ሳይመረመሩ የቀሩም ነበሩ፣ በጦርነት ወላጅ ያጣን ሕፃን በእውነተኛ ልብ ልጄ ያሉም እንደሚኖሩ እገምታለሁ። ሆኖም መርሐ ግብሩ በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ የተከፈተውም በ2012 የዲኤንኤ ማስረጃ ግዴታ ሆኖ ነው። የወለዱትን ልጅ በእውነት ስም ያስመዘገቡ እናቶች አራት ዓመት የጠበቁት በማያውቁት ሰው ቅጽ ምክንያት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲጠራ ግን የሚያቃጥለው የዋሸውን ብቻ አይደለም።

የውሸት ጋብቻን በሚመለከት ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ምሥጢረ ተክሊልን ለወረቀት ብሎ የሚጠይቀን ሰው ምን እንደምንመልስለት ሁላችንም እናውቃለን።

መዝገብ ለምትይዙ ግን አንድ ነገር በመሐል ላሳስብ። በአገራችን ወሳኝ ኩነቶችን በመንግሥት መመዝገብ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለዱት የጥምቀት መዝገባችን እስከ ዛሬ ትልቅ ማስረጃ ነው። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2005 ልጅ ነው። 1997 የሚለውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛው ወረቀት የገለበጠ ጸሐፊ ልጁን በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ 21 ዓመት ያልሞላውንም ያለፈ ያደርገዋል። ይህ ኃጢአት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው፤ ልጁን ግን ከእናቱ ይለያል።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ሐሰት ሁለት መጻሕፍት ጽፏል። በመጀመሪያው ውስጥ በታጋስቴ ስለ ነበረ ፊርሙስ ስለሚባል ጳጳስ ይተርካል። የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኞች የሚፈልጉትን ሰው ሸሽጎ ነበርና ሲጠይቁት አልዋሸም፤ ሰውየውንም አልሰጠም። ቢያሠቃዩትም ከቃሉ አልተመለሰም፤ በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ጽናቱን አድንቆ ለተሸሸገው ሰው ምሕረት አደረገ። ይህን ታሪክ በዘርዓ ክህነት ስማር የጀግንነት ተረት ይመስለኝ ነበር። አሁን የማየው ፊርሙስ «አልዋሽም» ካለ በኋላ ሰውየውን ወደ ጎዳና አለማስወጣቱን ነው። እኔ የመጀመሪያውን አደረግሁ፤ ሁለተኛውን አላደረግሁም።

ምን ማድረግ እችል ነበር? ልጁ በሦስት ዓመቱ ወደ ቤታቸው በገባ ጊዜ ባልና ሚስቱን ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ ብዬ መምከር እችል ነበር፤ በዚያን ጊዜም ቆሞሱ እኔ ነበርሁ፤ ልጁንም አውቀው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ያዛል፤ ልጁ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስርም እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ 16 ዓመት ሳይሞላው በጉዲፈቻ የተወሰደንና ሁለት ዓመት በሕጋዊ አሳዳጊነት አብሮ የኖረን ልጅ እንደ ልጅ ይቀበላል። አራት ዓመት አብረው ኖረዋል! የጎደለው አንድ የፍርድ ቤት ወረቀት ነበር። እርግጥ በጉዲፈቻ የሄደ ልጅም በዚያው አገር ሕግ የወለደችውን እናት ወደፊት ማስመጣት አይችልም። ቢሆንም እርሷ ዳኛ ፊት ቀርባ፣ የምትለቀውን ዐውቃ፣ በስሟ ትፈርማለች፤ ልጇም እናቱ መሆኗን ለመካድ አይገደድም። በየመንደሩ የዘመድ ልጅ የሚያሳድጉ ቤተሰቦችን የምታውቁ እናንተ መምህራን፣ ስለ ስደት ማንም ሳያስብ ገና ዛሬ ይህን ብትነግሯቸው ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

በዚያ ዕለትም ቢሆን ጊዜው አልፎ ነበር ብዬ እጄን መሰብሰብ አልነበረብኝም። ልጁ የማን እንደ ሆነ፣ ማን እንዳሳደገው፣ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ፣ እንዳለ የሚመሰክር እውነተኛ ደብዳቤ ጽፌ፣ ሕግ ዐዋቂ ያማክሩበት ዘንድ ልሰጣቸው እችል ነበር። በር ይከፍት ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አይመስለኝም። እውነቱን የተናገረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እንቢታ ነው፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ እኔም እንደ ቅጹ ግማሹን እደብቃችሁ ነበር። ደብዳቤውን ከአንድ ወር በኋላ ጽፌ ላክሁላቸው። መልስ አልመጣም።

ባለፈው ዓመት ወጣቱ ለኮሌጅ መመዝገቢያ የጥምቀት ምስክር ወረቀቱን ፈልጎ ብቻውን መጣ። አክስቱ አሁንም ክፍያውን እንደሚልኩለት፣ ለእናቱም ከደመወዛቸው ጥቂት እንደጨመሩላት ነገረኝ። መዝገቡን ገልጬ የአባቱንና የእናቱን ስም እንዲያነብልኝ ሰጠሁት። የእናቱን የክርስትና ስም ያን ዕለት ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀው፤ ፊደሉ ስለ ደበዘዘ ሁለት ጊዜ አነበበው። ማኅተሙን አድርጌ ሰጠሁት። ለአክስቱ ሰላምታዬን እንዲያደርስልኝ ስጠይቀው ጫማውን እያየ «እሺ አባ፣ እነግራታለሁ» አለኝ።