ሽብሽብ ነውር ነውን?



አንዲት እህት «የፊቴን ሽብሽብ የሚያጠፋ መርፌ ልወጋ አስቤአለሁ፤ ጉዳት ይኖረው ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ብዙዎቻችንን ይመለከታል።

ቦቶክስ የሚባለው ይህ መርፌ የሚዘጋጀው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተሰኘ ባክቴሪያ ከሚያመነጨው መርዝ ነው። ባክቴሪያው በአግባቡ ባልታሸገ ምግብ ውስጥ ሲራባ መርዙ ሰው እስከመግደል ይደርሳል። ሐኪሞች እጅግ ጥቂቱን መጥነው ሲወጉት ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን መልእክት ያቋርጣል፤ ጡንቻው ይዝላል፤ ቆዳውም ይለሰልሳል። ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ግን ሽብሽቡ ይመለሳል።

ጉዳቱስ? ራስ ምታት፣ የተወጋው ቦታ ሕመምና መበለዝ ያጋጥማል። አንዳንዴም የዐይን ቆብ ይወድቃል፤ ፈገግታ ይጣመማል። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ውለው አድረው ይለቃሉ። መርዙ ርቆ ከተሰራጨ ግን መዋጥና መተንፈስ ሊያስቸግር ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ ማስጠንቀቂያ በጉልህ እንዲጻፍ አዟል። በ2024 ደግሞ እዚያው አገር ሐሰተኛ መርፌ የተወጉ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል።

መታከም የተፈቀደ ነው። ይኸው መድኃኒት ዐይናቸው ያለፈቃዳቸው እየተጨፈነ ለሚቸገሩ ሕሙማን ጠቅሟል። ሰሐባው ዐርፈጃም አፍንጫቸው በጦርነት በተቆረጠ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የወርቅ አፍንጫ እንዲያደርጉ እንደፈቀዱላቸው ተዘግቧል። ይህ የጎደለን መጠገን ነው። ዕድሜ ግን ጉድለት ነውን? አካላችን አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠን አማና ነው። ሳንታመም ለአደጋ ብናጋልጠው መልሳችን ምን ይሆናል?

ይሁንና እህታችን ላይ ብቻ ጣት አንቀስር። ምን እንዳነሳሳት ስጠይቃት «ባለቤቴ አርጅተሻል እያለ ይቀልድብኛል» አለችኝ። ለካስ ከመርፌው በፊት ምላስ ወግቷታል! ያ ግንባር የታመሙ ልጆች ሲያስታምም ያነጋ፣ ለዓመታት ለአላህ በሱጁድ የተደፋ ግንባር ነው። ታዲያ የሚያሳፍረው ሽብሽቡ ነው ወይስ ቀልዱ?

እህቴ ሆይ፣ የሸሪዓውን ብይን ዑለሞችን፣ የጤናውን ነገር ፈቃድ ያለው ሐኪም ጠይቂ። አንተም ወንድሜ፣ ዛሬ ቤትህ ስትገባ ከአንተ ጋር ያረጀውን ፊት በምስጋና ተመልከት፤ እርሷን ከመርፌው የሚያድናት ያ አንድ መልካም ቃልህ ሊሆን ይችላል።

አላህ በሰጠን የምንብቃቃ ያድርገን። አሚን።