ለሽማግሌ ያልተነገረው ምክንያት



የዘር አድልዎ ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን የደቡብ አፍሪካው አፓርታይድ ወይም በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ የደረሰው ግፍ ነው። ሩቅ ስለሆነ ማውገዙ አይከብደንም። እኔ ግን ዛሬ ከራሴው ቤት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ ካለው ቤቴ ሽማግሌዎች መጡ። የሟች ወንድሜን ልጅ ለአንድ ወጣት ሊጠይቁ ነበር። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ወሊይዋም እኔ ነኝ። ወጣቱ ቁርኣንን እኔው ዘንድ የቀራ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ሠርቶ የሚበላ ነው። ልጅቷም ወዳዋለች። ሽማግሌዎቹ ገና ከደጅ ሳይርቁ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «አያቱ ብረት ቀጥቃጭ አልነበሩም?»

ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱም «ትምህርቷን ትጨርስ» አልኳቸው። ትምህርቷን ከጨረሰች ግን ዓመት አልፏት ነበር። እነሱም ያውቃሉ። በማግስቱ መድረሳ ገብቼ ለልጆች ስለ ቢላል (ረ.ዐ) አስተማርኩ።

እስቲ አገራችንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና፣ ደቡብ አፍሪካ በዛሬይቱ ናሚቢያ ሕዝብ ላይ አፓርታይድን ስለ መጫኗ ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በ1966 ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ብሎ ክሱን ቢዘጋውም፣ ናሚቢያ በ1990 ነፃ ወጣች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1965 የተቀበለውን፣ ማናቸውንም የዘር አድልዎ ለማስወገድ የተደረገውን ስምምነትም አገራችን በ1976 ተቀብላዋለች።

ይህ ስምምነት አድልዎን ሲተረጉም ዘርንና ቀለምን ብቻ አልጠቀሰም፤ ትውልድንም ጨምሯል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚቴ በ2002 ባወጣው ማብራሪያ፣ ሰው ከተወለደበት ወገን የተነሳ የሚደርስበት መገለል ሁሉ በዚህ ውስጥ እንደሚገባ ገልጿል። ታዲያ ይህ እኛን አይነካም? በሶማሌ ወገኖቻችን ዘንድ ቱማል የሚባሉትን ብረት ሠሪዎች፣ በጉራጌ ፉጋን፣ በከፋ ማንጆን አስቡ። በጣና ዳር ያሉትን ወይጦዎች አስቡ። እነሱ ሙስሊም ነን ሲሉ፣ «ጉማሬ በሊታ» እየተባሉ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲሸሻቸው ኖሯል። በሌሎች አገሮች አናሳ ሆነን መብታችን ይጠበቅልን የምንል እኛ፣ ከእኛ ያነሱትን ስናገል ማን ይጠይቀን?

ሕጉስ አልጎደለም። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ሕግ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባዋል፤ ሥራ እንዳይከለከል ይጠብቀዋል። «ልጅህን ዳርለት» ብሎ ግን ሊያስገድደኝ አይችልም፤ ሊያስገድደኝም አይገባም። እዚህ ላይ ሕግ ከደጃፍ ይቆማል፤ ከደጃፍ ወዲህ ያለው የእኔ አማና ነው።

«ኡስታዝ፣ በፊቅህ ከፋአ የሚባል ነገር አለ አይደል?» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፣ አለ። የሻፊዒ መዝሀባችን ሊቃውንት በባልና ሚስት መመጣጠን ውስጥ ዘርንም ሙያንም ቆጥረዋል፤ ኢማሙ ማሊክ ዲንን አስቀድመዋል። ነገር ግን በመዝሀባችንም ቢሆን ከፋአ ሙሽራዋና ወሊይዋ ሊተዉት የሚችሉት መብት እንጂ፣ ጋብቻን ሐራም የሚያደርግ ክልከላ አይደለም። ልጅቷ ትታዋለች። ያልተውኩት እኔ ነኝ። ኪታቡን መጋረጃ አደረግሁት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሿን ፋጢማ ቢንት ቀይስን ኡሳማ ኢብን ዘይድን እንድታገባ መከሯት። የኡሳማ አባት ነፃ የወጣ ባሪያ፣ እናቱ ኡሙ አይመን ሐበሻዊት ነበሩ። ፋጢማ መጀመሪያ ቅር አላት፤ ኋላ አገባችው፤ በትዳሯም መልካም ነገር አገኘችበት። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ!

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መመዘኛ ይዣለሁ። ለሽማግሌዎቹ «አያቱ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበሩ ነው» ብዬ ፊት ለፊት መናገር አፈርኩ። ያፈርኩት ሐሰት መሆኑን ልቤ ስለሚያውቅ ነው። አዋጁና ስምምነቱ አፋችንን አርመውልናል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን አፍ ሲታረም አድልዎው ወደ ሰበብ ዞሮ ይደበቃል። እንግዲህ አባቶች ሆይ፣ ልጅ ስትከለክሉ ምክንያታችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። ለሽማግሌ ሊነገር የማይችል ከሆነ፣ ነገ በአላህ ፊትም አይነገርም።

ወጣቱ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ አገባ። የወንድሜ ልጅ እስከ ዛሬ አልወቀሰችኝም፤ ሻይ ስታቀርብልኝ ዓይኗን ማየት ግን ይከብደኛል። ይህን ከማሳተሜ በፊት አነበብኩላት። «ለሌላዋ ይጠቅማል፤ አውጣው» አለችኝ።

አላህ ይቅር ይበለን። ወላሁ አዕለም።