ጉማሬው አልፈረመም

የጎልፍ ሕግ እንስሳ ማለት ምን እንደሆነ ሳይቀር ተርጉሞ አስቀምጧል። ከሰው በስተቀር በእንስሳት ዓለም ያለ ሕያው ፍጡር ሁሉ፣ ከጉማሬ እስከ ትል፣ እንስሳ ነው። ከዚያ ይህን ሁሉ ፍጡር ከጨዋታው ውጭ ካሉ ነገሮች ጎራ ይመድበዋል። የቆመ ኳሳችሁን ቁራ አንስቶ ቢበር አትቀጡም፤ ሌላ ኳስ ቦታው ላይ አስቀምጣችሁ ትቀጥላላችሁ። ከኳሱ አጠገብ መርዛም እባብ፣ ንብ፣ ድብ ወይም አሊጌተር (የአዞ ዘመድ ነው) ካለ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ ቁጥር 16.2 መሠረት፣ አደጋ ከሌለበት ቦታ ያለ ቅጣት መጫወት ይፈቀዳል። ቁልቋል ውስጥ ከገባ ግን የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

እኔን የያዘኝ ይኼ «ከጨዋታው ውጭ» የሚለው አመዳደብ ነው። ለጨዋታ ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን አንዳንድ ሜዳ ላይ ማን ውጭ፣ ማን ውስጥ እንደሆነ ግራ ይገባል።

ስኩኩዛን እንውሰድ። ደቡብ አፍሪካ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ለፓርኩ ሠራተኞች ተብሎ የተሠራ ባለ 9 ቀዳዳ ሜዳ ነው። አጥር የለውም። ከርከሮ የፊት እግሩን አንበርክኮ ሣሩን ይግጣል፤ ኢምፓላዎች ኳስ በሚመታበት መስመር ላይ ተሰብስበው ይቆማሉ፤ ከውኃው ጉማሬና አዞ አይጠፋም። መጫወት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ፎርም ይፈርማል፤ ጉዳት ቢደርስብኝ ክለቡን አልከስም ብሎ።

ጆሃንስበርግ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ እዚያ ተጫውቶ ፎቶ ላከልኝ። እንዴት አስቻለህ ስለው በድምፅ መልእክት የመለሰልኝ አጭር ነበር፦ «አውቄ ፈርሜ ነው የገባሁት። ማንን በደልኩ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰው በራሱ ሕይወት ላይ አደጋ ቢወስድ ምን ያገባናል? ተራራ የሚወጣውንም፣ ሞተር ሳይክል የሚነዳውንም አንከለክልም። ግን ተራራው ሰው ስለወደቀበት አይገደልም። ሰው የገደለ የዱር እንስሳ ግን ብዙ ጊዜ ተፈልጎ ይተኮስበታል። የጓደኛዬ ፊርማ ክለቡን ከክስ ያድናል፤ ጉማሬውን ከጥይት አያድነውም። ውሉ በሁለት ሰዎች መካከል ነው፣ ዕዳው የሦስተኛው።

ፍሎሪዳ ላይ ነገሩ በግልጽ ተጽፏል። የግዛቱ የዱር እንስሳት ኮሚሽን ስለ አሊጌተር የስጋት ጥቆማ የሚቀበልበት ፕሮግራም አለው። ርዝመቱ 4 ጫማ (1.2 ሜትር ገደማ) እና ከዚያ በላይ ከሆነና ያሰጋል ከተባለ አጥማጅ ይላክበታል። ሌላ ቦታ ወስደው ቢለቁት ወደነበረበት ለመመለስ ስለሚጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ይገደላል። እንስሳውን መመገብም በሕግ የተከለከለ ነው፤ የለመደ አሊጌተር ሰው መፍራቱን ይተዋል፣ ሰው መፍራቱን የተወ አሊጌተር ደግሞ ስልክ ይደወልበታል። ሳንድዊቹን የወረወረው ተጫዋች ያን ጊዜ ቤቱ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ፓልሜቶ በሚባለው ከተማ አንድ ግዙፍ አሊጌተር የጎልፍ ሜዳ እያቋረጠ ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን ዞሮ ነበር። ሁላችንም ወደድነው፣ አጋራነው። በዚያ ዝነኛ እና «ያሰጋል» በተባለው መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ የአንድ ሰው ድንጋጤ ብቻ ነው።

«የሰው ሕይወት አይበልጥም ወይ?» የሚል አለ። ይበልጣል። ሰሜን ተራሮች ግርጌ ገብሱን ከጭላዳ ሲጠብቅ የሚውለውን ገበሬ፣ ወይም ጅብ ፍየሉን የወሰደበትን ሰው፣ «እንስሳው ቀድሞህ ነው የነበረው» ብዬ ልመክረው አልደፍርም። እሱ ጅቡን ሊጎበኝ አልሄደም፤ ኑሮው እዚያው ነው። ቅዳሜን ለማሳለፍ ዱላ ይዞ የሄደን ሰው ግን ከዚህ ገበሬ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አልችልም።

«ቀድሞ የነበረው ማነው» የሚለው መከራከሪያም ቢሆን እስከ መጨረሻው አያዛልቅም። የፍሎሪዳ ብዙ የጎልፍ ኩሬዎች ሰው የቆፈራቸው ናቸው፤ አሊጌተሩ ነው የመጣው። አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ውስጥ ካርብሩክ የሚባል ክለብ አለ፤ በ1990ዎቹ ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል ቡል ሻርኮች በሜዳው ሐይቅ ውስጥ ቀሩ። ከ10 ዓመት በላይ እዚያው ኖሩ። እነዚህ ባለርስት ናቸው ወይስ እንግዳ? እኔ እንጃ። ግልጽ የሚሆንልኝ ሌላ ነገር ነው፦ ተጫዋቹ ሲመሽ ዕቃውን መኪናው ላይ ጭኖ ይሄዳል፣ ሻርኩ መሄጃ የለውም። መሄድ የሚችለው ነው መጠንቀቅ ያለበት።

ስለዚህ ለጓደኛዬ አንድ ሐሳብ አቀረብኩለት። ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «እኔን ቢጎዳኝ፣ ቢገድለኝም፣ እንስሳው አይነካ።» ትፈርማለህ?

ቶሎ አልመለሰም። በማግስቱ «እኔ እፈርማለሁ፤ እናቴ ግን ትፈርማለች?» ብሎ ላከልኝ። ቀጥሎ ደግሞ የባሰውን አመጣ፦ የፓርኩ ጠባቂ የሚያስበው ስለ እኔ ብቻ አይደለም፣ ነገ ስለሚመጣው ተጫዋች ነው፤ እሱ ያልፈረመ ከሆነስ?

ለእናቱ መልስ የለኝም። ለቅሶ ላይ የተቀመጠችን እናት ስለ ጉማሬ ማን ያናግራታል? ለሁለተኛው ግን አለኝ፦ ሁሉም ይፈርም። ያልፈረመ አይግባ፤ አጥር ያለው የጎልፍ ሜዳ ጆሃንስበርግም ሞልቷል።