«ሲፈልግማ ይሰማል»

ጆሮው የደከመ ሰው ላይ ደጋግሞ የሚቀርበው ክስ አንድ ነው፦ «ሲፈልግማ ይሰማል!» ከሳሹ ማስረጃ አያጣም። ትናንት ማታ ቤት ውስጥ ለሁለት ሲያወሩ አንድ ቃል አላመለጠውም፤ ዛሬ ሠርግ ቤት ተጠርቶ ተጠርቶ ዞርም አላለ። ትናንት የሰማ ጆሮ ዛሬ ካልሰማ፣ ከፈቃድ ሌላ ምን ጎድሎት ነው?

ክሱ የሚያስኬድ ይመስላል። የሚስተው መነሻው ላይ ነው፤ መስማትን እንደ በር ወይ ክፍት ወይ ዝግ አድርጎ ያያል። በዕድሜም ሆነ በጩኸት ብዛት የሚመጣ የመስማት ድክመት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ ይደበዝዛሉ፤ የአናባቢዎቹ ወፍራም ድምፅ ይቀራል። ሰውዬው ሲወራ ይሰማል፣ የተወራውን ግን አይለይም። «መሬቱን ሰጠ» ይሁን «መሬቱን ሸጠ» ከተናጋሪው ከንፈርና ከወሬው አካሄድ መገመት አለበት። ጸጥ ባለ ክፍል ግምቱ ይሰምርለታል። ጫጫታ ውስጥ አይሰምርም፤ ቢጮሁለትም የሚጎላው ቀድሞም የሚሰማው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲገምት የዋለ ሰው ማታ ዝም ቢል ደክሞት ነው፤ ቤተሰቡ ግን አኩርፏል ይላል።

የሙዚቃ ደራሲው ቤትሆቨንም እ.ኤ.አ. በ1802 በቪየና አቅራቢያ ሃይሊገንሽታት ሆኖ ለወንድሞቹ በጻፈው፣ ግን ባልላከው ደብዳቤ፣ ሰዎች ክፉ፣ ግትርና ሰው ጠል አድርገው እንደሚያዩት ያማርራል። መስማት ተስኖኛልና ጮክ በሉልኝ ለማለት አፉ አልታዘዘለትም። ለሙዚቃ ሰው ከሁሉ ይበልጥ ሊኖረው የሚገባው የመስማት ችሎታ ነዋ!

እኛ ዘንድ ደግሞ ወጉ ራሱ ይጨምርበታል። ተጠርቶ «አቤት» አለማለት ንቀት ነው። ታናሽ በታላቅ ፊት ድምፁን ዝቅ፣ አንገቱን ደፋ ያደርጋል፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጠች ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ታወራለች። ሁሉም አክብሮት ነው፤ ከንፈር አይቶ ለሚሰማ ሽማግሌ ግን የቀረችውን መደገፊያ ይነጥቀዋል። ወጉ ይቅር አልልም። ለእኚህ አባት ግን ቀና ብሎ ማውራት የበለጠ ማክበር ይመስለኛል።

ደግሞ ደጋግሞ «አቤት?» ሲል «ተወው፣ ምንም አይደል» ይሉታል። ከስድብ የከፋ ነው፤ ምንም መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው እሱ መሆን ነበረበት። ከዚያ በኋላ ሳይሰማ «እሺ፣ እሺ» ማለት ይለምዳል፣ ሰው ሲስቅ ይስቃል። ይህን ውሸት ብዬ ልኮንነው አልችልም፤ ከጨዋታው ላለመውጣት የሚከፍለው ዋጋ ነው።

«ታዲያ ራሱ ለምን አይናገርም?» የሚል ይኖራል። ይናገር እንጂ፤ በተለይ ሐኪም የመድኃኒት መጠን ሲነግረው ዝም ማለት አደጋ ነው። ችግሩ አንዴ ተናግሮ አለመገላገሉ ነው። የሚታይ ነገር ስለሌለ አድማጩ ጥቂት ቆይቶ ይረሳል፣ እሱም እንደ አዲስ ይለምናል። የመገመቱን ድካም እሱ ከተሸከመ፣ የማስታወሱን ሌሎቻችን ብንይዘው ፍትሕ ነው፤ ቴሌቪዥኑን መቀነስ፣ ፊት ለፊት መቀመጥ፣ ያልተሰማውን ነገር በዚያው ቃል ከመጮህ በሌላ ቃል መንገር።