ዳኛ የሌለበት ሜዳ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል የአገራችን ሰው። ዐዋቂ የልጅን ሥራ የሚመዝንበት የቆየ ሚዛን ነው። ነገሩ ስለ ሊጥ ከሆነ ምሳሌው እውነት አለው፤ በልጅ ክንድ የታሸ ሊጥ ቤተሰብ አይመግብም። ልጅ የሚያቦካው ግን ሊጥ ብቻ አይደለም። ጭቃ አቡክቶ ብይ ያድቦለቡላል፤ ብዩን ይዞ ሜዳ ሲወጣም ከጓደኞቹ ጋር ተከራክሮና ተስማምቶ፣ ተጣልቶና ታርቆ ሕግ ያወጣል። በልጆች እጅ የተቦካው ይህ ሕግ ዐዋቂዎች ስለ ሕግ በሚያውቁት ላይ የሚጨምረው ነገር ይኖር ይሆን? ያለ ዳኛ፣ ያለ ፖሊስና ያለ ወህኒ ቤት የሚከበር ሕግ ኃይሉን ከየት ያገኛል? ጥያቄው የጨዋታ ይምሰል እንጂ የሥነ ምግባር መሠረታዊ ጥያቄ ነው።

የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ደነባ ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ በተንጣለለው የሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ትገኛለች። አገሩ የስንዴ፣ የጤፍ፣ የባቄላና የምስር አገር ነው፤ መሬቱም መረሬ። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እግር ይይዛል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ለገበሬው ውሃው ካልተንጠፈጠፈለት እህሉን የሚያጠፋ አስቸጋሪ አፈር ነው። ለልጅ ግን እንደ እርሱ ያለ የብይ ጥሬ ዕቃ አይገኝም። እርጥቡ ጭቃ በሁለት መዳፍ መካከል ሲሽከረከር ይከብባል፤ በፀሐይ ሲደርቅ ይጠጥራል። የበጋው ስንጥቅ ደግሞ ያንኑ ብይ ተመልሶ ሊውጠው ይችላል፤ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ብይ የማን ነው የሚለው ክርክርም ከዚያ ይነሣል።

በዓለም ታሪክም ቢሆን የጭቃና የድንጋይ ብይ ለመስታወቱ ብይ ታላቁ ነው። የሮማው ቄሣር አውግስጦስ ከትናንሽ ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ ለውዝ በመሰለ ፍሬ ይጫወት እንደነበር ታሪክ ጸሐፊው ሱዌቶኒዩስ መዝግቦታል። ቀለማት የተጠመዘዙበት የመስታወት ብይ በብዛት መሠራት የጀመረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በጀርመን አገር ላውሻ በተባለች የመስታወት ሠሪዎች ከተማ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ ደግሞ በአሜሪካ በፋብሪካ መመረት ጀመረ፤ ውሎ አድሮም በየአገሩ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። የብዩ ሥሪት በዘመናት ተለወጠ፤ ከብዩ ጋር የሚመጣው ክርክር ግን አልተለወጠም።

አጨዋወቱ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ መስመር ይሰመራል፣ ተራ ይወጣል፤ ብይ በአውራ ጣት ተወንጭፎ የባላጋራን ብይ ይመታል። የተመታው ብይ «ተበላ» ይባላል፤ ለመቺው ይሆናል። ከዚህ ቀላል መሠረት ላይ ስንትና ስንት የሕግ ጥያቄ ይነሣል! ነክቶታል ወይስ አልነካውም? በመካከል የተጋረደው ገለባ ይነሣል ወይስ አይነሣም? አላፊ አግዳሚ በእግሩ የመታው ብይ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይስ በወደቀበት ይቀራል? አንድ ስንዝር ተጠግቶ መወንጨፍ ከተፈቀደስ ስንዝሩ የማን ስንዝር ነው? የሰባት ዓመት ልጅ ስንዝርና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስንዝር እኩል አይደሉም። እያንዳንዱ በገዛ እጁ ይለካ ቢባል ትልቁ ይጠቀማል፤ ሁሉም በአንድ እጅ ይለካ ቢባል ያ እጅ የማን እንደሚሆን መወሰን ይኖርበታል። ልጆቹ ስም አይስጡት እንጂ የሚከራከሩት በሕግ ፊት እኩል መሆን ምን ማለት እንደሆነ ነው።

የአገራችን ሰው ለእንዲህ ያለው ሙግት ባዕድ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሁለት ባለጉዳዮች መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው ያቆሙ ነበር፤ በበላ ልበልሃ እየተሟገቱም በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። በፍርድ ከሄደች በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ታሳዝናለች የሚለው አባባል የዚያ ኑሮ ልጅ ነው። በብይ ሜዳ ላይ የሚያለቅስን ልጅ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህንኑ ያረጋግጣል። ዐሥር ብይ በትክክል ተበልቶ እያፏጨ ወደ ቤቱ የሚሄደው ልጅ፣ በማምታታት ለተወሰደበት አንድ ብይ ግን እስኪመሽ ያለቅሳል። ልቅሶው የብዩ አይደለም፤ የፍርዱ ነው።

ይህን ጉዳይ በጥሞና ካጠኑት ሰዎች አንዱ ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ስለ ልጆች ግብረ ገባዊ ፍርድ ያሳተመውን መጽሐፍ የከፈተው በብይ ነው። ፒያዤ በጄኔቭና በነሻቴል ከልጆች ጋር ተቀምጦ፣ ሕጉን የማያውቅ መስሎ፣ «እንዴት ነው የሚጫወቱት? ሕጉን ማን አወጣው? መለወጥ ይቻላልን?» እያለ ጠየቃቸው። ያገኘው መልስ የሚያስገርም ነበር። ትናንሾቹ ሕጉ ከአባቶች ወይም ከእግዚአብሔር የመጣ፣ የማይነካና የማይለወጥ ነው አሉ፤ ሲጫወቱ ግን እያንዳንዱ እንዳሻው ይጫወታል። ዐሥር ዓመት ያለፋቸው ደግሞ ሕጉን እንደነሱ ያሉ ልጆች እንዳወጡት፣ ሁሉም ከተስማማም ሊለወጥ እንደሚችል ነገሩት፤ ሲጫወቱም አጥብቀው ይጠብቁታል። አንባቢ ልብ ይሏል፤ ሕጉን ቅዱስ ነው ያለው አላከበረውም፤ የእኛ ሥራ ነው ያለው አከበረው።

ለዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? ፒያዤ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ቀላል ነው። ብይ የልጅነት ጨዋታ ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሞላው ልጅ ይተወዋል። ስለዚህ የዐሥራ ሁለትና የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ በሜዳው ላይ ከበላዩ ታላቅ የለበትም። በቤቱ አባት፣ በትምህርት ቤቱ መምህር አለበት፤ በብይ ሜዳ ግን ሕግ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ሕግ አውጪ ነው። የሚያዘው ሲጠፋ ሥርዓት የሚፈርስ ይመስለን ነበር፤ እዚህ ግን ሥርዓት የጸናው የሚያዝ በጠፋበት ዕድሜ ነው።

ይህን ያነበበ መምህር ወይም ወላጅ ወዲያው የሚያነሣው ተቃውሞ አለ። ብይ ቁማር ነው፤ የሰው ንብረት በልቶ መሄድን ያስተምራል ይላል። ተቃውሞው በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። በብይ የጀመረ ልጅ በቆርኪ፣ ከዚያም በሳንቲም ሊቀጥል ይችላል። ነገር ግን የሚበላ ነገር በሌለበት ጨዋታ ሕግ አይፈተንም፤ ምንም የማይጎድልበት ሰው ቃሉን መጠበቁ አያስመሰግነውም። ከዚህም በላይ ሜዳው ራሱ ለሥሥታም የሚሰጠው ትምህርት አለ። የሁሉንም ብይ የበላ ልጅ ኪሱ ሞልቶ ብቻውን ይቆማል፤ የሚጫወተው ሰው የለም። ስለዚህ ለተበላው ልጅ አንድ ሁለት ብይ ያበድረዋል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። ብድሩ ቸርነት ነው ወይስ ጥቅም? ምናልባት ሁለቱም ነው። ጥቅሙ ከባላጋራው መኖር ጋር የተሳሰረ መሆኑን ያወቀ አሸናፊ ግን ግማሽ መንገድ ሄዷል።

የኔዘርላንድ ተወላጁ የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሁይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ጨዋታ በጻፈው መጽሐፍ በአጭበርባሪና በጨዋታ አፍራሽ መካከል ልዩነት አሳይቷል። አጭበርባሪው ሕጉን በስውር ይጥሰዋል፤ በአፉ ግን ስለ ሕጉ ይምላል፤ ጨዋታውም ይቆያል። አፍራሹ ግን ሕጉን ራሱን ይክዳል። የብይ ሜዳ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። አምታቹን ልጅ ይጮኹበታል፣ ያፍራል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ብዩን ሁሉ አፍሶ የሚሮጠውን ጉልበተኛ ግን ጩኸት አያስቆመውም። በእርሱ ላይ ሜዳው ያለው አንድ ቅጣት ብቻ ነው፤ ከእርሱ ጋር አለመጫወት።

የነገሩ ቁልፍም እዚህ ላይ ይገኛል። በብይ ሜዳ ላይ ትንሹም ልጅ ቢሆን ብዩን ሰብስቦ «አልጫወትም» ብሎ መሄድ ይችላል። መሄድ ስለሚችል ትልቁ ልጅ ሊሰማው ይገደዳል፤ ስንዝሩንም ቢሆን ለትንሹ እንዲመች አድርጎ ለመለካት ይስማማል። ስምምነቱ እውነተኛ የሚሆነው እምቢ ማለት ስለሚቻል ነው። የዐዋቂ ኑሮ ግን እንዲህ አይደለም። ገበሬ መሬቱን እንደ ብይ አንሥቶ ኪሱ ውስጥ አይከተውም፤ ሠራተኛም የቤተሰቡን ራት ትቶ «አልጫወትም» አይልም። ስለዚህ ዐዋቂ ዳኛና ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል። ከልጆች ሜዳ የሚገኘው ትምህርት ዳኛ አያስፈልግም የሚል አይደለም። መሄድ የማይችል ሰው ባለበት ቦታ ሕግ አውጪው ያ ሰው መሄድ ቢችል ኖሮ ይቀበለው የነበረውን ሕግ ለማውጣት ግዴታ አለበት የሚል ነው። ይህም ከዳኛ ብዛት ይልቅ እጅግ ከባድ ነገር ነው።

ሜዳው ያለ እንከን ነው ማለትም አይደለም። የሱቅ ብይ የሚገዛለት ልጅ ሲበላ ነገ ሌላ ይገዛለታል፤ የጭቃ ብይ ያለው ልጅ ግን ተጫዋች ሆኖ ለመቆጠር እንኳ መከራከር ይኖርበታል። ብይ በአብዛኛው የወንዶች ጨዋታ ሆኖ በመቆየቱም ሴቶች ልጆች በቅልልቦሽና በሰኞ ማክሰኞ ያዳበሩት ፍትሕ ሳይታይ ቀርቷል። ፒያዤ ራሱ ሴቶች ልጆች ለሕግ ዝርዝር ብዙ አይጨነቁም ብሎ ነበር። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ሊቅ ካሮል ጊሊጋን ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ ሞገተችው። ክርክር ሲበረታ ጨዋታውን ትቶ ጓደኝነትን ማትረፍ የፍርድ ጉድለት ሳይሆን ሌላ ዓይነት የግብረ ገብ ሚዛን መሆኑን አስረዳች። ሕግን እስከ መጨረሻው መሟገት አንድ በጎ ነገር ነው፤ ከሕግ ይልቅ ሰው የሚበልጥበትን ሰዓት ማወቅም ሌላ።

እንግዲህ የመምህሩ ድርሻ ምንድን ነው? ጉልበተኛ ሲገባ ዝም ማለት አይገባውም፤ በጉልበት የተገኘ ስምምነት ስምምነት አይደለምና። ነገር ግን በየክርክሩ መካከል ገብቶ «ነክቷል፤ አልነካም» እያለ የሚፈርድ መምህር ልጆቹን ከሙግት ሲያሳርፍ ከዳኝነትም ያሰናብታቸዋል። ዛሬ ከመምህሩ ይልቅ ይህን የሚያደርገው የእጅ ስልክ ነው። በስልክ ጨዋታ ውስጥ ነካ አልነካ የሚል ክርክር የለም፤ መሣሪያው ፈርዷል። ሕጉን ማን እንዳወጣው ልጁ አያውቅም፤ ጓደኛውን አሳምኖም ሊለውጠው አይችልም። ዓይኑና ጣቱ ይፈጥኑ ይሆናል፤ ፍርዱ ግን እንደ ተኛ ይቀራል። ሕጉን እንደ ትናንሾቹ የፒያዤ ልጆች ከላይ የወረደ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ማምለጫ ባገኘ ጊዜም እንደነሱ ይጥሰዋል።

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የተማሪዎች መተዳደሪያ ደንብ አይጠፋም። ተማሪው በየቀኑ በፊቱ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም አያነበውም። ከአንዱ ደንብ ጥቂት አንቀጾች ተነሥተው በቦታቸው ለተማሪዎች ባዶ ወረቀት ቢሰጥ ምን ይጽፉበት ነበር? ምናልባት ዐዋቂዎቹ ከጻፉት የጠነከረ ቅጣት ይጽፉ ይሆናል፤ ይከራከሩበታል፤ ይሰርዙታል፤ ደግመውም ይጽፉታል። ጊዜ ይፈጃል፤ ይንጫጫል። የእረፍት ደወል እስኪደወል ድረስም ላያልቅ ይችላል። የብይ ሕግም እንዲሁ ነው የሚወጣው።